አረንጓዴው መብራት ከሰሉን አያይም

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ ነው። ግቢ ውስጥ አንድ ሰርቪስ ክፍል ተከራይቼ ከሰባት ዓመት ልጄ ጋር ነኝ። ክፍሏ ሦስት ሜትር በአራት ሜትር ናት። ልጄ ማታ ማታ ያስለዋል። ደረቱ ሲር ሲር ይላል። ሐኪም አስም ነው ብሎ የሚሳብ መድኃኒት አዞለታል። የአከራዮቼ ማድ ቤት ከመስኮቴ ፊት ለፊት ነው፤ ባሕር ዛፍም ኩበትም ያነዱበታል። በበሩ በኩል ያለው መንገድ ኮብልስቶን አልደረሰውም፤ ከጥቅምት ጀምሮ አቧራው አያስቀምጥም። ብርዱን እርስዎም ያውቁታል። ማታ ቡና ካፈላሁ በኋላ የተረፈውን ፍም ከነማንደጃው አስገብቼ ነው ቤቱን የማሞቀው። አሜሪካ ያለው ወንድሜ አየር የሚያጸዳ ማሽን ልላክልሽ ይለኛል። እዚህ አንድ ሱቅ ደግሞ የወተት ጣሳ የምታክል፣ በስልክ ቻርጀር የምትሠራ አይቻለሁ። «አዮን ትለቃለች፣ አቧራውን ድራሹን ታጠፋለች» አሉኝ። የቱ ይሻለኛል? ወይስ ገንዘቤን ላስቀምጥ?

የልጅ እናት፣ ከጠባሴ

መልስ፦ እህቴ፣ ልጅሽን እግዜር ይማርልሽ። ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የጠየቅሽኝ ስለ ማሽን ነው። የእኔ ዓይን ግን ያረፈው ፍሙ ላይ ነው። ከእሱ ልጀምር፤ ማሽኑ ይደርሳል።

ዛሬ ማታ ፍሙን አታስገቢ። ማሽኑ እስኪመጣ አትጠብቂ። ማሽኑ ከመጣም በኋላ አታስገቢ።

ከሰል በደንብ ሲቀላ ጭስ የለውም። ሰው የሚታለለው እዚህ ላይ ነው። «ጭሱን ጨርሷል፣ አሁን አይጎዳም» ብሎ ያስገባዋል። ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ ግን ከቀላው ፍም መውጣቱን አያቆምም። ሽታ የለውም። ቀለም የለውም። ዓይን አያቃጥልም፣ አያስልም። ደም ውስጥ ገብቶ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል፤ ሰውየው እንቅልፍ የወሰደው ይመስለዋል። ከተማችን ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,800 ሜትር በላይ ናት። ኦክስጅናችን ከቆላው ሰው ኦክስጅን የሳሳ ነው። ስለዚህ ይህ ጋዝ እኛ ላይ ይበረታል።

እኔ ቤት ደርሶ ስላየሁት ነው እንዲህ የምለው። የመጀመሪያ ልጃችን የአራት ወር ልጅ ነበረች። ታኅሣሥ ነው፤ ጠዋት ደጁ በውርጭ ነጭ ይሆን ነበር። ባለቤቴ ማንደጃውን ከአልጋው ግርጌ አስቀመጠች። እኔ ደግሞ ብርድ እንዳይገባ ብዬ የበሩን ሥር በአሮጌ ጋቢ ወተፍኩት። ሌሊት ሽንቴ መጥቶ ስነሳ ጉልበቴ ከዳኝ። ጭንቅላቴ በመጥረቢያ የተፈለጠ ያህል ነበር። ባለቤቴን ጠራኋት። ትሰማኛለች፤ አፏ ግን አይታዘዝላትም። በእንብርክክ ሄጄ ጋቢውን ከበሩ ሥር ሳብኩት። ቀዝቃዛው አየር ፊቴ ላይ ሲያርፍ እስከ ዛሬ አስታውሰዋለሁ። ጎረቤታችን ጩኸቴን ሰምታ መጣችና ሕፃኗን ታቅፋ ወደ ግቢው ወጣች። ልጅቷ እስክታለቅስ ድረስ የቆየነው ምናልባት አንድ ደቂቃ ቢሆን ነው። ለእኔ ግን ከዚያ የረዘመ ሌሊት የለም።

አሁን አስቢው። ያን ሌሊት ክፍላችን ውስጥ በጣም ውዱ አየር ማጽጃ እየሠራ ቢሆን ኖሮስ? ማሽኑ ፊት ላይ ያለችው መብራት አረንጓዴ ሆና ትበራ ነበር። አረንጓዴ ማለት «አየሩ ንጹሕ ነው» ማለት ነው። ማሽኑ ዋሽቶ አይደለም። ዓይኑ የሚቆጥረው ብናኝ ብቻ ስለሆነ ነው። ፍሙ ብናኝ ጨርሶ ጋዙን እየለቀቀ ነው፤ ማሽኑ ጋዙን አያየውም፣ አይዘውም። ገበያ ላይ ያለ የቤት አየር ማጽጃ ከሞላ ጎደል ሁሉም በዚህ አንድ ነው።

ለሙቀቱ እንግዲህ ሌላ መላ ፈልጊ። ሙቅ ውሃ የሚሞላበት ጎማ ልጁ ከመተኛቱ ግማሽ ሰዓት በፊት አልጋው ውስጥ ይግባ። የመንዝ ባና ካለሽ ከብርድ ልብሱ ላይ ደርቢለት። ቡናውን ደጅ ወይም በረንዳ ላይ አፍይው። ማንደጃውም እዚያው ይደር፤ ፍሙ ላይ ውሃ አፍስሺበት። በኤሌክትሪክ ማሞቂያ የምትጠቀሚ ከሆነ በቀጥታ ከግድግዳው ሶኬት ሰኪው። በርካሽ ዲቫይደር ላይ አታድርጊው፤ ይቀልጣል።

አሁን ወደ ማሽኑ።

ሃያ ስድስት ዓመት የሠራሁት ሱፍ የሚፈተልበት ፋብሪካ ውስጥ ነው፤ በጥገና ክፍል። የእኔ ሥራ አቧራ መሳቢያዎቹ ነበሩ። ሱፍ ሲበጠር የሚወጣውን ብናኝ በትልቅ ፋን ስበን በጨርቅ ፊልትሮ እናስቀረው ነበር። ፊልትሮ ስንቀይር የሚወርደውን ግራጫ ነገር ያየ ሰው ሳንባውን አይረሳም። አሁን ጡረታ ወጥቼ ትንሽ የጥገና ሱቅ አለኝ። የአንቺ ማሽንም ከዚያ ፋን የተለየ ነገር የለውም። ሞተር አለው፣ ፋን አለው፣ ፊልትሮ አለው። አየሩን ከታች ወይም ከጎን ይስባል፣ በፊልትሮው ያሳልፋል፣ በላይ ይተፋል። የቀረው ጌጥ ነው።

የማሽኑ ልብ ፊልትሮው ነው። ሄፓ የሚባለውን ፈልጊ። በፈረንጆቹ 1940ዎቹ የአቶም ቦምብ ሲሠራ የራዲዮአክቲቭ ብናኝ እንዲይዝ ተብሎ የተሠራ ነው፤ ዛሬ ለመኝታ ቤት በቃ። ብዙ ሰው እንደ ወንፊት ያስበዋል። እንደዚያ አይደለም። ዝተት ፀሐይ ላይ አውጥተሽ በዱላ ስትመቺው የሚነሳውን አቧራ አይተሻል? ያ አቧራ ዝተቱ ውስጥ የገባው ቀዳዳ አንሶት አይደለም። ሲያልፍ ሱፉ ላይ ተጣብቆ ነው የቀረው። ሄፓም ውስጡ እንደ ሱፍ የተጠላለፈ ቀጭን ክር ነው። ትልቁ ብናኝ መታጠፍ አቅቶት ክሩ ላይ ይጋጫል። በጣም ትንሹ ደግሞ ወዲያ ወዲህ ሲንቀጠቀጥ ይጣበቃል። ለመያዝ የሚያስቸግረው መሐል ላይ ያለው፣ 0.3 ማይክሮን ገደማ የሆነው ነው፤ ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺኛ ነው። እውነተኛው ሄፓ ከዚያውም ቢሆን 99.97 በመቶውን ያስቀራል። የአውሮፓው ኤች 13 የሚባለው 99.95 ነው። ለአንቺ ልዩነት የለውም፤ አንዱን ካየሽ ይበቃል።

የማድ ቤቱ ጭስ ብናኝ በአብዛኛው ከ2.5 ማይክሮን በታች ነው። የሰው ፀጉር ውፍረት 70 ማይክሮን አካባቢ ይሆናል። ይህን ያህል የደቀቀ ነገር በአፍንጫ አይያዝም፤ ሳንባ ጥግ ድረስ ይወርዳል። የልጅሽን ደረት ሲር ሲር ከሚያሰኙት ነገሮች አንዱ ይሄ ነው። ስለዚህ ማሽን መፈለግሽ ትክክል ነው። በዚህ ላይ እኔም ከወንድምሽ ጋር ነኝ።

ካርቶኑ ላይ «ሄፓ ታይፕ» ወይም «ሄፓ ላይክ» ተብሎ ከተጻፈ ግን ተዪው። «ሄፓ መሰል» ማለት ነው። መሰል ሄፓ አይደለም።

ቀጥሎ መጠኑ። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ» ይባል የለ? ከመግዛት በፊት ክፍልሽን ለኪ። ሦስት በአራት ብለሻል። ኮርኒስ ካለሽና ቁመቱ 2.5 ሜትር ከሆነ፣ ሦስቱን አባዢ፤ 30 ሜትር ኩብ አየር አለሽ። ማሽኑ ይህን አየር በሰዓት አምስት ጊዜ ቢያጣራው ጥሩ ነው። 30 በ5 ሲባዛ 150። እንግዲህ ካርቶኑ ላይ «ሲ ኤ ዲ አር» የሚል ጽሑፍ ፈልጊ። ማሽኑ በሰዓት ምን ያህል ንጹሕ አየር እንደሚሰጥ የሚናገር ቁጥር ነው። ቁጥሩ 150 ሜትር ኩብ በሰዓት ወይም ከዚያ በላይ መሆን አለበት። ኮርኒስ ከሌለሽና እስከ ቆርቆሮው ክፍት ከሆነ አየሩ ይበዛል። ቁመቱን 3.5 ብንል 42 ሜትር ኩብ ይሆናል፤ ያኔ የምትፈልጊው 210 ነው።

እኔ ብሆን ከ200 እስከ 250 ያለውን እይዛለሁ። ምክንያቱም ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ቁጥር ማሽኑ በሙሉ ጉልበቱ ሲጮህ ያለው ነው። በሙሉ ጉልበት ሲሠራ ደግሞ ሕፃን አያስተኛም። የእንቅልፍ ቁልፉን ስትጫኚው ድምፁ ሹክሹክታ ይሆናል፤ ጉልበቱም አብሮ ይወርዳል፣ አንዳንዱ ከሲሶም በታች። ትልቅ ቁጥር ያለው ማሽን ካለሽ መካከለኛው ላይ አድርገሽው ትተኛለሽ፤ ሥራውም አይጓደልም። ልጁ ከመተኛቱ አንድ ሰዓት በፊት በሙሉ ጉልበት አሠሪው። ከዚያ ዝቅ አድርጊው።

የአሜሪካ ካርቶን ከሆነ ቁጥሩ በሌላ መለኪያ ነው የሚጻፈው፤ በኪዩቢክ ፊት በደቂቃ። በ1.7 አባዢው። 100 ካለ 170 ሜትር ኩብ በሰዓት ማለት ነው። «ለ40 ካሬ ሜትር ክፍል ይበቃል» የሚለውን ጽሑፍ ግን አትመኚው። ብዙ ጊዜ አየሩን በሰዓት አንዴ ወይም ሁለቴ ብቻ በማጣራት የተሰላ ነው። አስም ላለበት ልጅ አይበቃም።

የወተት ጣሳዋስ? በስልክ ቻርጀር የምትሠራ ነገር አብዛኛውን ጊዜ 10 ዋት ገደማ ነው የምታገኘው። በዚያ ጉልበት ጥቅጥቅ ባለ ፊልትሮ ውስጥ የክፍልሽን አየር መግፋት አትችልም። ከፍቼ ያየኋቸው ነበሩ። ፊልትሮዋ የእጄን መዳፍ አታክልም፤ በዚያ ላይ በዙሪያዋ ክፍተት አለ። አየር ደግሞ እንደ ውሃ ነው፤ በቀለለው መንገድ ይሄዳል። በፊልትሮው ትቶ በክፍተቱ ያልፋል።

አዮኑ የበለጠ ያሳስበኛል። አዮን ማለት ኤሌክትሪክ የያዘ የአየር ቅንጣት ነው፤ አቧራውን አያጠፋውም። ኤሌክትሪክ ያስይዘውና ግድግዳው ላይ፣ አንሶላው ላይ፣ መጋረጃው ላይ ይለጥፈዋል። አልጋውን ስታነጥፊ ተመልሶ ይነሳል። አንዳንዱ ሲሠራ ኦዞን ይለቃል። መብረቅ ከወረደ በኋላ የሚሸት ሽታ አለ አይደል? እሱ ነው። ኦዞን ሳንባ ያስቆጣል፤ አስም ይቀሰቅሳል። ለልጅሽ የሚሆን ነገር አይደለም። ጥሩው ማሽን ላይም የአዮን ቁልፍ ካለ አጥፍተሽ ተይው።

ወንድምሽ የሚልከው ላይ ደግሞ አንድ ነገር አስጠንቅቂው። አሜሪካ መብራቱ 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ነው። የእኛ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ። ማሽኑ ጀርባ ወይም ሆዱ ሥር ትንሽ ወረቀት አለች። «100-240» የምትል ከሆነ ችግር የለም፤ ስፒናውን መቀየር ብቻ ነው። «120» ብቻ የምትል ከሆነ እንዳትሰኪው። ዓምና አንድ አባት ልጃቸው የላከችላቸውን ይዘው መጡ። ከካርቶኑ አውጥተው ሰኩት፤ አንዴ ጯ አለና ዝም። ስከፍተው ቦርዱ ላይ የሳንቲም ያህል ቡናማ ክብ ነበር፤ የተቃጠለ ፕላስቲክ ይሸታል። ፊልትሮው ገና ነጭ ነው። አንድ ትንፋሽ እንኳ አላጣራም። መመለስ አልቻልኩም፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ቮልት የሚያወርድ ትራንስፎርመር ገዝቶ መጠቀም ይቻላል። ግን ቀኑንና ሌሊቱን ተሰክቶ የሚውል ዕቃ ነው፤ ትራንስፎርመሩ ይሞቃል፣ ያጉረመርማል። ወንድምሽ ሲያዝ ለ220 ቮልት የተሠራውን ቢፈልግ ይሻላል። ከዱባይ ወይም ከአውሮፓ የሚመጣ ሰው ካላችሁ ደግሞ ነገሩ ሁሉ ይቀላል።

ሲልክም አንድ ትርፍ ፊልትሮ አብሮ ይላክ። ይህን አደራ። ማሽን ገዝቶ ፊልትሮ ማጣት እዚህ አገር የተለመደ ነው። አብዛኛው ፊልትሮ ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ይሠራል ይላሉ። መስኮትሽ ላይ ባሕር ዛፍ እየነደደ ግን ዓመት አይደርስም። ነጩ እጥፋት ጥቁር ግራጫ ሲሆን፣ የሚወጣው አየርም ሲደክም ጊዜው ደርሷል።

ሌላም አለ። ቁልፉን ተመልከቺ። መብራት ሄዶ ሲመጣ የሚዞር ቁልፍ ያለው ማሽን ራሱ ይነሳል። በጣት የሚነካው ዓይነት ግን አንዳንዱ ጠፍቶ ይቀራል። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ መብራት ሄዶ ቢመጣ አንቺ ተኝተሻል። ሻጩን ጠይቂው። ወይ ሱቁ ውስጥ ስፒናውን አስነቅለሽ መልሰሽ አስሰኪና እዪው።

ቆጣሪው አያሳስብሽ። ለአንቺ ክፍል የሚሆን ማሽን 40 ዋት ገደማ ነው። በቀን 12 ሰዓት ቢሠራ በወር 14 ወይም 15 ኪሎ ዋት ሰዓት ይወስዳል። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት አካባቢ ይበላል። እንግዲህ የወሩ ማሽን አራት ሰዓት ገደማ እንጀራ ከመጋገር ጋር እኩል ነው።

ማሽኑ እጅሽ ሲገባ መጀመሪያ የምታደርጊውን ልንገርሽ። ሳትሰኪው ክፈቺው። ፊልትሮውን አውጪ። ብዙ ጊዜ በላስቲክ ተጠቅልሎ ነው የሚመጣው። ላስቲኩን ቅደጂና መልሰሽ አስገቢው። ይህን የምጽፈው ምክንያት አለኝ። አንዲት ደንበኛዬ ስድስት ወር የተጠቀመችበትን «ምንም ለውጥ አላመጣም» ብላ አመጣችልኝ። ስከፍተው ፊልትሮው ከነላስቲኩ ነው። ላስቲኩ ላይ አቧራ ተጋግሯል፤ ውስጡ እንደ ወተት ነጭ ነው። እሷም እኔም ዝም ብለን አየነው። እሷም ልጅ አላት።

ከዚያ የምታስቀምጪበት ቦታ። ግድግዳ ላይ አታስጠጊው፤ ቢያንስ ሁለት ስንዝር ይራቅ። ከመጋረጃ ኋላ አይሁን። ልጁ አልጋ አጠገብ ይሁን፤ ግን ንፋሱ ፊቱ ላይ አይምጣ። አየር ማጽጃ አያሞቅም፤ የሚነፋውም የክፍሉን አየር ነው። በደብረ ብርሃን ሌሊት የሚነፋ ነገር ፊት ላይ ሲመጣ ምን እንደሚመስል ታውቂዋለሽ። በርና መስኮት ዝጊ። ክፍት መስኮት ላይ ማሽን ማሠራት ሰፈሩን ለማጣራት መሞከር ነው።

ሁልጊዜ ግን አትዝጊ። የሰው ትንፋሽም መውጫ ይፈልጋል። ሰዓቱን ምረጪ። ጠዋት ውርጩ ሳይነሳ የሰፈሩ ጭስ ወደ ላይ አይሄድም፤ ቆርቆሮ ቆርቆሮውን ይዞ ይተኛል። ከላይ የሞቀ አየር ተጭኖት ነው። በዚያ ሰዓት መስኮት አትክፈቺ። ፀሐይዋ ስትበረታ፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት በኋላ፣ ማድ ቤቱ እሳት ከሌለው በደንብ ክፈቺው። ሃያ ደቂቃ ይበቃል።

ቤቱን ደረቅ በደረቅ አትጥረጊ። ወለሉን በእርጥብ ጨርቅ ወልውይ። ጫማ በር ላይ ይቅር። ማሽኑ ፊት ያለችውን ወንፊት በየሁለት ሳምንቱ በለስላሳ የቀለም ብሩሽ አራግፊ፤ ይህንንም ደጅ።

ከአከራዮችሽ ጋር ደግሞ ቁጭ ብለሽ ተነጋገሪ። በቁጣ አይደለም፤ ልጁን ይዘሽ ሂጂ። የማድ ቤቱ ጭስ መውጫ ወደ መስኮትሽ ከመሆን ወደ ኋላ ቢዞር አንድ ቆርቆሮና አንድ ቀን ሥራ ነው። ያ ከየትኛውም ማሽን ይበልጣል። ወጪውን እካፈላለሁ ብትያቸው የሚጠሉሽ አይመስለኝም።

የሐኪሙን መድኃኒት እንዳታቋርጪ። ማሽኑ ሳሉን ሊያቀልለት ይችላል፤ መድኃኒቱን አይተካም። እኔ የማውቀው ሞተርና ፊልትሮ ነው፤ ደረቱን የሚያውቀው ሐኪሙ ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የአየር ማጽጃዬ ሄፓ ጠቁሮ ነበር። በኦሞ አጥቤ ፀሐይ ላይ አሰጣሁት። አሁን አየር እንደ ልብ ያሳልፋል። ጥሩ አደረግሁ?

ተማሪ፣ ከደብረ ብርሃን

መልስ፦ አየር እንደ ልብ የሚያሳልፈው ተበላሽቶ ነው፣ ልጄ። ክሮቹ ውሃ ሲነካቸው ተሰባስበው መሐሉ ይሳሳል፤ ብናኙም አብሮ ያልፋል። «ይታጠባል» ተብሎ ካልተጻፈበት በስተቀር ሄፓ አይታጠብም። የሚታጠበው ፊት ለፊት ያለችው ሻካራ ወንፊት ናት። አዲስ እስክታገኝ ይህንኑ ተጠቀም፤ ግን አትተማመንበት። ፊልትሮውን ስትቀይር የብናኝ መቁጠሪያዋን ቀዳዳም በደረቅ የጆሮ ጥጥ ጥረጋት። አቧራ ከያዛት ሁልጊዜ ቀይ ታበራለች።

ጥያቄ፦ ቆላ ነው የምኖረው። ሙቀቱ ሌሊት አያስተኛም። አየር ማጽጃ ንፋስ ይሰጣል አሉኝ። ቤቱን ያቀዘቅዝልኛል?

ከሸዋ ሮቢት

መልስ፦ አያቀዘቅዝም። ማቀዝቀዣም ጋዝም የለውም። ለሙቀቱ ቬንትሌተር ግዙ፤ ዋጋውም ይቀንሳል። የአስፋልቱ አቧራ ካስቸገራችሁ ያ ሌላ ጉዳይ ነው። ግን ሸዋ ሮቢት ላይ መስኮት ዘግቶ መተኛት ይቻላል ወይ? ካልተቻለ ማሽኑ ብዙ አይረዳችሁም።

ጥያቄ፦ ቤታችን በጉም ወራት ይረጥባል። ግድግዳው ጥግ ላይ ጥቁር ሻጋታ ያወጣል፤ ልጆቹ ያስነጥሳሉ። አየር ማጽጃ ያጠፋዋል?

ከደብረ ሲና

መልስ፦ የጣርማበርን ጉም አውቀዋለሁ። ልብስ እንኳ ሦስት ቀን አይደርቅም። ማሽኑ አየር ላይ የሚበረውን የሻጋታ ብናኝ ይይዛል። ግድግዳው ላይ ያለውን ግን አይነካውም፤ እርጥበቱ እስካለ ይበቅላል። መጀመሪያ ውሃው ከየት እንደሚመጣ ፈልጉ። ከቆርቆሮው ሚስማር ሥር ነው? ከግድግዳው ኋላ የተከመረ አፈር አለ? አልጋና ቁምሳጥን ከግድግዳው አንድ ስንዝር አርቁ፣ አየር ይግባበት። ሻጋታውን አፍና አፍንጫችሁን ሸፍናችሁ፣ ልጆቹ በሌሉበት፣ በሳሙና ውሃ ፈትጋችሁ አድርቁት። ማሽን ከዚያ በኋላ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እናቴ የሚኖሩት መንዝ፣ ከመሐል ሜዳ ወጣ ብሎ ነው። የድንጋይ ቤት ነው፤ ምድጃው እዚያው ውስጥ ነው፤ የሚነደው ኩበት ነው። ዓይናቸው ያለቅሳል፤ ሳላቸው ዓመቱን ሙሉ ነው። እኔ አዲስ አበባ ሥራ ይዣለሁ። በሶላር የሚሠራ አየር ማጽጃ ልግዛላቸው ብዬ አሰብኩ። ይሆናል?

ልጃቸው

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሐሳብህ የመልካም ልጅ ሐሳብ ነው፤ እናትህ ታድለዋል። ማሽኑን ግን አትግዛ። ክፍት ምድጃ ያለበት ቤት ውስጥ ያንን ፊልትሮ ኩበቱ በጥቂት ቀን ይዘጋዋል። ከዚያ በኋላ ሶላሩ የሚያሽከረክረው ፋን ብቻ ነው። እናትህም የልጄ ዕቃ ነው ብለው ጥግ ላይ አስቀምጠው አቧራውን እየጠረጉ ይኖራሉ።

በዚያ ገንዘብ ሌላ ነገር አድርግ። «ምርጥ» የሚባለውን የእንጀራ ምድጃ ግዛላቸው። ከሲሚንቶና ከአሸዋ የተሠራ ነው፤ በቁርጥ በቁርጥ ይመጣና እዚያው ይገጣጠማል። እሳቱ ዙሪያውን የታፈነ ስለሆነ ማገዶውን ወደ ግማሽ ያወርደዋል፤ ጭሱም ይቀንሳል። ከኋላው ያለው ቀዳዳ ላይ ድስት ይጣዳል። ለበዓል ስትሄድ አብረኸው ሂድ፤ አንተው ግጠመው። ያለበለዚያ እናትህ የለመዱትን ጉልቻ አይተዉም፤ ይህን ከእኔ እናት አውቀዋለሁ።

ሁለተኛ፣ ከምድጃው በላይ ጣሪያው ላይ መውጫ አብጅ። ቤቱ ሣር ክዳን ከሆነ ራስህ አትጀምረው፤ እሳት ይዞ እንዳይመጣ ክዳን የሚያውቅ ሰው ይሥራው። ቆርቆሮ ከሆነ አንድ ቅጠል ቆርቆሮ አንስቶ ከፍ አድርጎ መምታት ይበቃል፤ ዝናቡ አይገባም፣ ጭሱ ይወጣል። ከወንድሞችህ ጋር ገንዘብ ማዋጣት ከቻላችሁ ደግሞ ከቤቱ አጠገብ ትንሽ ማድ ቤት አቁሙላቸው። ምድጃው ከሚተኙበት ቤት ይውጣ። ኩበቱንም ከማንደዳቸው በፊት በደንብ የደረቀውን ብቻ ይምረጡ፤ እርጥቡ ነው እንደዚያ የሚጨሰው።

ዓይናቸውንና ሳሉን ግን ሳታስመረምር አትተው። በሚቀጥለው ስትሄድ መሐል ሜዳ ይዘሃቸው ውረድ። የምድጃውን ስፋት ደግሞ ከመግዛትህ በፊት በስልክ ጠይቃቸው፤ ምጣዳቸው ስንት ስንዝር እንደሆነ ይለኩልህ።